የቡና ቁርስ ከጓዳችን

እንግዳ መጣ። ቄጠማው ተጎዘጎዘ። ቡናው ታጥቦ ተቆላ፤ ጀበናውም ተጣደ። ታዲያ ከቡናው ጋር ምን ይቅረብ? የዛሬው ንባባችን ስለዚህ ነው።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ለእኔም ትንሽ ይመስለኝ ነበር። ትንሽ አለመሆኑን ያስተማሩኝ ያረፍኩበት ቤት እመቤት ናቸው። ከዩኒቨርሲቲ ተመድቤ ወደዚህ ወደ ፎገራ ለማስተማር ስመጣ እንኳን የመንደር ኑሮ ቀርቶ ከገበያ ሽንኩርት መርጦ መግዛት አላውቅም ነበር። እማማ፣ መንደሩ ሁሉ እንዲህ ስለሚላቸው እኔም እንዲሁ እላቸዋለሁ፣ በመጀመሪያው ማታ ቡና አፍልተው በሳህን ብስኩት አቀረቡልኝ። ስኳርም በስኒው ውስጥ ያለ ልክ ጨመሩልኝ። በማግሥቱም እንዲሁ። የከተማ ልጅ ነኝና ከየት መጣ ሳልል በላሁ፣ ጠጣሁ።

ሦስት ሳምንት ያህል አለፈ። አንድ ማታ ከትምህርት በኋላ እማማ የመቀነታቸውን ጫፍ ፈትተው አንዲት የተጣጠፈች ወረቀት አወጡ። «ልጄ፣ ላንብባት ብዬ ነው። ስሳሳት ብቻ አርመኝ» አሉኝ። ፋኖሱን አስጠጋሁላቸው። ጣታቸውን በፊደሉ ላይ እያስኬዱ ጀመሩ።

«ብ… ስ… ኩ… ት፣ 2። ስ… ኳ… ር፣ ግማሽ ኪሎ። ብስኩት፣ 3። ስኳር፣ 1 ኪሎ…»

ወረቀቷ የሱቅ ዱቤ ነበረች። እማማ ያለ ሰው እርዳታ ከዳር እስከ ዳር ያነበቡት የመጀመሪያው ጽሑፍ የራሳቸው ዕዳ ሆነ። ብስኩቱን የበላሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

የምገባበት ጠፋኝ። «እማማ፣ ለምን እንዲህ አደረጉ?» ብላቸው፣ «ታዲያ የከተማ እንግዳ ቆሎ ፊት ይቀመጣል እንዴ?» አሉኝ። ቀጥለውም «ጎረቤቱም ቢሆን ብስኩት ለምዷል። ሦስት እሑድ ሙሉ ለቡና ሰው አልጠራሁም። ባዶ ቡና አቅርቤ ምን ልባል?» አሉ። ዕዳውን ልክፈል ብል በጄ አላሉም። ተቆጡኝም። በመጨረሻ የተስማማነው አንድ ወር ሙሉ እህሉን ወፍጮ ቤት ተሸክሜ እንዳደርስ ነው። ትከሻዬ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል።

በነጋታው ግን ጓዳ ገብተን ያለውን አየን። በጎታው ሽምብራ አለ። ከፋርጣ በኩል ለገበያ የወረደ ገብስ አለ። የስንዴ ዱቄት፣ ጥቂት ሰሊጥ፣ በቅል ማር አለ። በስተጥግ ደግሞ አንድ ጆንያ ጓያ ተቀምጧል። ስለ ጓያው በኋላ እመለስበታለሁ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ነገር እሱ ነው።

በመጀመሪያ ቆሎ። ስለ ቆሎ ለእናንተ ማስተማር ለቀባሪው አረዱት እንደሚባለው ይሆንብኛል። ቢሆንም ሥራው ለምን እንደዚያ እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። እኔ ሽምብራውን እንደ ደረቀ በሚነድ ምጣድ ላይ ብጨምረው ላዩ ከሰለ፣ ውስጡ ግን ድንጋይ ሆኖ ቀረ። ጥርስ ሰባሪ ማለት ይኸው ነው። እማማ ሳቁና ትክክለኛውን አሳዩኝ። ሽምብራው ማታ በውሃ ይዘፈዘፋል። ጠዋት ውሃው ይጠነፈፋል። ላዩ እስኪደርቅ ድረስ በሰፌድ ላይ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ መካከለኛ በሆነ እሳት ሳያቋርጡ እያማሰሉ ይቆላል። ፍሬው ውስጥ የገባው ውሃ ሲሞቅ ልቡን ያበስለዋል፣ ያሳሳዋልም፤ ኋላም በእንፋሎት ሆኖ ሲወጣ ፍሬው ተሰነጣጥቆ የሚከሽም ይሆናል። ሊወርድ ሲል ጥቂት ጨውና በርበሬ በትንሽ ውሃ በጥብጦ ረጨት ረጨት ማድረግ ነው። እንደገና እስኪደርቅ ይማሰላል።

ገብሱ ሌላ ድካም አለው። ረጠብ ተደርጎ ይታመሳል፣ በሙቀጫ ይሸከሸካል፣ ገለባው በሰፌድ ይበጠራል፣ መጨረሻ ላይ ይቆላል። ይህን ሥራ በየቤቱ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። እኔ ሙቀጫውን ይዤ አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ከሸከሸክሁ በኋላ ቆሎን ተራ ነገር ማለት ተውሁ። ወንዶች የሆናችሁ አንባቢዎች አንድ ቀን ሞክሩት፤ ከዚያ በኋላ ከሰፌዱ ላይ በጭብጥ እየዘገናችሁ ስትወጡ እጃችሁ ትንሽ ያፍራል።

ገብስና ሽምብራ ሲቀላቀሉ ጣዕሙ ብቻ አይደለም የሚያምረው። ሰውነት የሚገነባው ፕሮቲን በሚባለው የምግብ ክፍል ነው። በገብስና በስንዴ ፕሮቲን ውስጥ የሚያንስ ነገር አለ፤ ያ ነገር በሽምብራና በባቄላ ይገኛል። በሽምብራው የሚያንሰው ደግሞ በገብሱ አለ። ስለዚህ ሁለቱ ባንድ ሰፌድ ሲቀርቡ አንዱ የአንዱን ጉድለት ይሞላል። ሱፍ ወይም ለውዝ ጣል ሲደረግበት ቅባትም ያገኛል። በሱቁ ብስኩት ውስጥ ያለው አብዛኛው ነጭ ዱቄትና ስኳር ነው። ከቆሏችን ጋር ሲወዳደር ማን እንደሚበልጥ እናንተው ፍረዱ።

ሁለተኛው ዳቦ ቆሎ ነው። ይህ ለመንገደኛ ስንቅም፣ ለእንግዳም ይሆናል። ልኩ እንዲህ ነው። በየትኛውም ጣሳ ለኩ፤ ዋናው ነገር ሁሉንም በዚያው ጣሳ መለካት ነው። የስንዴ ዱቄት 4 ጣሳ፣ ዘይት ግማሽ ጣሳ፣ ውሃ 1 ጣሳ ያህል። ጨውና በርበሬ እንደ አፋችሁ። ስኳር ካለ ጥቂት ማንኪያ ይገባል፤ ከሌለ ሳይገባ ይቀራል፣ የሚጎድልበት ነገር የለም። ዱቄቱና ዘይቱ በመጀመሪያ በእጅ ይታሻሉ። ከዚያ ውሃው ጥቂት በጥቂት ይጨመራል። ሊጡ ጠንከር ያለ መሆን አለበት፤ ከላላ ምጣዱ ላይ ይያያዛል። ሊጡ በጣት ውፍረት እንደ ገመድ ይድቦለቦላል። በሽምብራ ፍሬ መጠን በቢላዋ ይቆራረጣል። በሞቀ ምጣድ ላይ በለዘብተኛ እሳት እያማሰሉ ቡናማ እስኪሆን መቁላት ነው።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው በችኮላ ነው። እሳቱ ከበረታ ላዩ ይቀላል፣ ውስጡ ግን ሊጥ እንደሆነ ይቀራል። እንደዚያ ያለው ዳቦ ቆሎ እርጥበት ስላለው በጥቂት ቀን ይሻግታል። በደንብ የተቆላው ግን ቀዝቅዞ ክዳን ባለው ዕቃ ከተቀመጠ ለሳምንታት አይበላሽም። ሳይቀዘቅዝ አትክደኑት፤ እንፋሎቱ ተመልሶ ያረጥበዋል። በጾም ቀን በዘይት፣ በፍስክ በቅቤ መሥራት ይቻላል። ልጆች መቁረጡን ይወዱታል። የእማማ የልጅ ልጅ በሊጡ «ሀ» እና «ለ» ሠርታ ምጣድ ላይ አስቀምጣለች። «ሀ» ተሰብሮ «ለ» ብቻ ደረሰ።

ጣፋጭ የሚፈልግ እንግዳ ሲመጣስ? ሰሊጥ በማር እንሠራለን። ሰሊጡ አሸዋ ስለማያጣ ታጥቦ ይደርቃል። 2 ጣሳ ሰሊጥ መንጣጣት እስኪጀምርና ሽታው እስኪያውድ ይቆላል። ከሰፈፉ የተለየ 1 ጣሳ ማር በሌላ ዕቃ በለዘብተኛ እሳት ይጣዳል። ማሩ አረፋ አውጥቶ ስለሚገነፍል ከአጠገቡ አይጠፋም። መድረሱን የምታውቁት እንዲህ ነው። በስኒ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አንድ ጠብታ ጣሉ። ጠብታው ውሃው ውስጥ ከሟሟ ገና ነው። በጣት ሲይዙት እንደ ሰም እየጠነከረ ከተድቦለቦለ ደርሷል። ያን ጊዜ ሰሊጡን ጨምሮ ማማሰልና ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ መዘርጋት ነው። ሳይቀዘቅዝ በቢላዋ ይቆረጣል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ያስቸግራል። የፈላ ማር ከፈላ ውሃ ይበልጥ ያቃጥላል፤ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ነው። ልጆች ከምድጃው ይራቁ። በክረምት አየሩ እርጥብ ስለሆነ ቶሎ ይለጠልጣልና በትንሽ በትንሹ ሥሩት።

ጥርስ ለሌላቸው አዛውንት ቆሎም ሰሊጥም አይሆንም። ለእነሱ በሶ አለ። የተቆላ የገብስ ዱቄት በጥቂት ውሃና ጨው፣ ካለም በማር ታሽቶ በእንክብል ይቀርባል። በኦሮሞ ወገኖቻችን ዘንድ ያው የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረና በቅመም ባበደ ቅቤ ታሽቶ ጭኮ ይባላል፤ ብዙ ቀን ስለሚቆይ ስንቅም ነው። በትግራይ በአጋመ አካባቢ ደግሞ ከገብስ ዱቄት ጥህሎ ይሠራሉ፤ እንክብሉን በእንጨት ሹካ እየወጉ ወጥ ውስጥ እያጠቀሱ ይበሉታል። ከአንድ ገብስ ስንት ዓይነት እንደወጣ እዩ!

ንፍሮን በአጭሩ ልለፈው፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስንዴና ባቄላ ወይም ስንዴና ሽምብራ አድሮ ይቀቀላል። ለለቅሶ ቤትም ይቀርባል። የጸሎተ ሐሙሱ ጉልባንም የዚሁ ዘመድ ነው። እንግዲህ ከንፍሮ ወደ ጓያ እንሂድ።

እማማ የዚያን እሑድ ጎረቤት ሊጠሩ ተነሡ። ሽምብራው እንዳይበቃ ፈርተው «ጓያም ቆልቼ ልቀላቅልበት። ማን ያውቀዋል?» አሉኝ። በዚያን ጊዜ በር ላይ የተቀመጠው ጎረቤታችን ቀና አለ። ይህ ሰው በማታው ክፍል ውስጥ የፊተኛው ረድፍ ተማሪ ነው። የሚሄደው በሁለት ዱላ ነው። ጉልበቱ አይዘረጋም፣ ተረከዙ መሬት አይነካም፣ ሲራመድ እግሮቹ ይጠላለፋሉ። «እኔ አውቀዋለሁ» አለ ዝግ ብሎ። «እሸቱንም በማሳው፣ ቆሎውንም፣ ንፍሮውንም ስበላ ከረምሁ። ሌላ ምን ነበረ? አንድ ጠዋት ከመደቤ ስነሣ እግሬ ገመድ ሆነብኝ።»

ቤቱ ጸጥ አለ።

ጓያን ክፉ እህል ነው ብዬ አልኮንነውም። ድርቅም ውሃ የሚተኛበት መሬትም ይችላል። እዚህ ፎገራ ሩዝ ከተነሣ በኋላ በቀረው እርጥበት ብቻ ይበቅላል። ዋጋውም ይቀንሳል። ሌላው እህል ሲጠፋ የሚገኘው እሱ ነው፤ አደጋውም የሚመጣው በዚሁ ምክንያት ነው። በፍሬው ውስጥ እግርን የሚያዝዙ ነርቮችን የሚጎዳ መርዝ አለ። ሰው አልፎ አልፎ ጥቂት ቢቀምሰው አይጎዳውም። ዋና ቀለቡ አድርጎ ለሳምንታትና ለወራት ሲበላው ግን እግሩን ያሽመደምደዋል። ወጣት ወንዶች ይበልጥ ይጠቃሉ። አእምሮን አይነካም፣ አይገድልም፤ ነገር ግን አንዴ የሽባነቱ ምልክት ከመጣ የሚመልሰው መድኃኒት የለም። በ1969 ዓ.ም. ገደማ በዚሁ በፎገራና በደንቢያ ብዙ ሰው ጎድቷል። በ1989 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ከድርቅ በኋላ በወሎ በደላንታና በዳውንት ወረርሽኝ ሆኖ ታይቷል።

ጎረቤታችን አንድ ነገር ጨመረ። «እኔን የያዘኝ እንፋሎቱ ነው ይሉኛል። ሲቀቀል አጠገቡ ተቀምጬ ነበር።» ይህ አባባል በብዙ ቦታ አለ። እውነት ግን አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው ከሚበላው ፍሬ ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው፤ አለበለዚያ ሰው ከእንፋሎቱ አፍንጫውን ሸፍኖ ከሳህኑ ግን ይበላል።

በአገራችን በሽታውን ያጠኑ ሐኪሞች አንድ ነገር አስተውለዋል። ጓያን በእሸቱ፣ በቆሎና በንፍሮ የበሉ ሰዎች ይበልጥ ተጎድተዋል። ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለው በእንጀራ የበሉ፣ ወይም በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ሽሮ አድርገው በወጥ የበሉ ግን ጉዳታቸው አንሷል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቆሎና ንፍሮ የቡና ቁርስ ናቸው። ጓያ በጣም የሚያሰጋው በዚሁ እኛ ለእንግዳ በምናቀርበው መልክ ነው ማለት ነው። መቁላት መርዙን አያጠፋውም።

ጓያ መብላት ግድ የሆነበት ቤት ይህን ያድርግ። ፍሬው በብዙ ውሃ አድሮ ውሃው ይደፋ። እንደገና በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ያም ውሃ ይደፋ። መርዙ በውሃ ስለሚሟሟ ብዙው አብሮ ይሄዳል፤ ሁሉም ግን አይሄድም። ከዚያም በጤፍ፣ በዳጉሳ ወይም በበቆሎ ይቀላቀል፤ የጓያው ድርሻ ያነሰ ይሁን። በቤቱ ውስጥ አንድ ሰው እግሬ ከበደኝ፣ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ ካለ ጓያውን በዚያው ቀን አቁሞ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ሽምብራ ስትገዙም ዓይናችሁን ጣሉበት። ጓያ አንዳንዴ ተቀላቅሎ ይሸጣል። ሽምብራ ክብ ሆኖ እንደ ወፍ መንቆር ያለ ሹል ጫፍ አለው። ጓያ ጠፍጠፍ ያለና ማዕዘን ያለው ነው፤ እንደ መጥረቢያ ስለት ወይም እንደ ጥርስ ይመስላል። ሰፌድ ላይ በትኖ መልቀም ነው። የተከካ ወይም ዱቄት ከሆነ መለየት ስለማይቻል ፍሬውን ገዝቶ ማስፈጨት ይሻላል።

ሁለት ሦስት ነገር ደግሞ ሳልረሳ። የሻገተ ለውዝና የሻገተ በቆሎ ሲቆላ ሽታው ይጠፋ ይሆናል እንጂ ሻጋታው የተወው መርዝ አይጠፋም፤ ጉበት ይጎዳልና ይጣል። ለትንንሽ ልጆች፣ አምስት ዓመት ላልሞላቸው፣ ቆሎና ለውዝ በእጃቸው አትስጡ፤ ትንፋሽ ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ያንቃል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ጨርሶ አይቀመስም፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል አንድ ዓይነት ተዋሕስ ለትልቅ ሰው ምንም አይለው፣ ሕፃንን ግን ይመርዛል። ለዚህም ነው ጣት በማር ነክሮ ሕፃን ማጥባት የማይበጀው።

ያ እሑድ እንዴት ሆነ? ቡናው ተፈላ። ሰባት ጎረቤት መጣ። ሽምብራና ገብስ ቆሎ፣ በሌላ ሳህን ዳቦ ቆሎ፣ ጫፍ ላይ ጥቂት ሰሊጥ በማር ቀረበ። ሽምብራው በቅቷል፤ እንዲያውም ተርፏል። ጎረቤታችን ዱላዎቹን ከግድግዳው አስደግፎ ከሰፌዱ ፊት ተቀመጠ። ጭብጥ ሙሉ ዘገነና መዳፉን ገልጦ ፍሬ በፍሬ አየ። ከዚያ መብላት ጀመረ። ብስኩት የት አለ ያለ ሰው አልሰማሁም። አንዲት ሴት ብቻ «ይህ ሰሊጥ እንዴት ተሠራ?» ብላ ጠየቀች። እማማ ልኩን በቃል ሊነግሯት ጀምረው ተዉት። «ቆይ፣ እጽፍልሻለሁ» አሉ።

እውነትም ማታ ጻፉት። ወረቀት ስላልነበረን ያቺኑ የሱቅ ዱቤ ገልብጠው በጀርባዋ ላይ ጻፉ። ገብስ የሚለው ቃል ላይ «ብ»ን ዘልለው ነበር፤ እኔ ሳልናገር ራሳቸው አይተው ከላይ አስገቡት። ጽሑፋቸው ይህ ነው። ፈቅደውልኝ ቀዳሁት።

«ሰሊጥ 2 ጣሳ። ማር 1 ጣሳ። ማሩ በውሃ ሲጣል ካልሟሟ ደርሷል።
ሽምብራ 2 ጣሳ። ማታ ይዘፈዘፋል።
ገብስ 1 ጣሳ። ጨው። በርበሬ።
ጓያ የለበትም።»

እናንተም በደብተራችሁ ላይ የቤታችሁን የቡና ቁርስ እንዲሁ ጻፉ። መለኪያውን በቁጥር አስቀምጡ። በጎኑ ደግሞ ከገበያ የተገዛውን በአንድ ረድፍ፣ ከጓዳ የወጣውን በሌላ ረድፍ አድርጉ። ዋጋው በየገበያው ስለሚለያይ እኔ ባዶ ትቼዋለሁ፤ ባለፈው ቅዳሜ በከፈላችሁት ሙሉበትና ሁለቱን ረድፎች ደምሩ።